የጆንያው መንገድ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሊዲያ ስልኳን ይዛ መጣችና እኔ ጎመን የምቀነጥስበት አቮካዶ ሥር ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አስተማሪያቸው እያንዳንዳቸው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል መርጠው፣ የቃሉን ዘር ማንዘር እስከ አያት ቅድመ አያቱ ቆጥረው እንዲመጡ አዟቸዋል። የክፍሏ ልጆች አብዛኞቹ «ኮፊ» የሚለውን መርጠዋል አለችኝ። እዚህ አገር ሆነው ሌላ ምን ሊመርጡ ኖሯል? እሷ ግን ሰው ያልነካው ነው የፈለገችው።

«እስቲ እማማ፣ አንቺ አንድ ምረጪልኝ» አለች እየቀለደች። እንግሊዝኛዬ «ታንኪዩ» ላይ እንደሚያበቃ ታውቃለች።

«ሳክ» አልኳት።

ሳቀችና ስልኳን ነካካች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ቃሉ ጆንያ ማለት መሆኑን፣ እንግሊዞች ከሮማውያን እንደወሰዱት፣ ሮማውያን ከግሪኮች፣ ግሪኮች ደግሞ ከጢሮስና ሲዶና መርከበኞች መውሰዳቸው ሳይቀር አይቀርም እንደሚባል አነበበችልኝ። ቀጥላም «እማማ፣ እዚህ ላይ ግዕዝ የሚል አለ እኮ» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ማን ነገረሽ ማለቷ ነው።

«እናቴ ጆንያ ለብሳ የተያዘች ቀን ነው የሰማሁት» አልኳት። ጎመኑን ትቼ ነገርኳት። ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን እዚህ የማሰፍረው። ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ ነውና እጄ ቀርፋፋ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ከአብዮቱ በፊት ነው። እኔ ለአቅመ ሔዋን እየተቃረብኩ ነበር። አባቴ ከመንዝ ንግድ ብሎ ወደ ዲላ የመጣ ሰው ነው፤ እኔ መልኩን በቅጡ ሳላውቀው ሞተ። እናቴ ጥሩነሽ ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች፣ ታላቄን ታደሰንና እኔን። ኑሯችን ቡና ነበር። ቡና አልነበረንም፤ የሰው ቡና እንለቅም ነበር።

ለቀማ ያላየ ሰው የሚለቀመው ከዛፍ ላይ ብቻ ይመስለዋል። ታጥቦና ደርቆ መጋዘን ከገባ በኋላም ይለቀማል። ሴቶች በረድፍ ቁጭ ብለን ፍሬውን ከፊታችን እንዘረጋለን፤ ጥቁሩን፣ ስንጥቁን፣ ትል የበላውን እናወጣለን። ጣት ብዙ ከለመደ ዓይንን አይጠብቅም። ያን ሁሉ ፍሬ ያ ሁሉ እጅ ሲያንሸራሽረው ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስል ነበር። ማታ ስንወጣ በር ላይ እንፈተሻለን። በነጠላ ጥለት፣ በሹሩባ መሀል ሳይቀር ቡና ይዞ የሚወጣ ስለነበር ፈታሿ ሴትዮ ከራስ እስከ እግር ትዳብሰናለች። ነውሩ ቀርቶብን ነበር፤ እየቀለድን እናልፋለን።

የመጋዘኑ ባለቤት ግሪክ ነበር፤ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ይባል ነበርና ሙሴ ኒቆላ እንለዋለን። ዲላ ብዙ ዘመን ከመኖሩ የተነሳ አማርኛውም እንደኛ፣ ቆጮ አበላሉም እንደ አገሩ ሰው ነበር። ወንድሜ ታደሰ የእሱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ያኔ ረዳት ከሾፌሩ ጎን አይቀመጥም፤ ከላይ ጆንያው ላይ ነው የሚሄደው፣ ነፋስና አቧራ እየጠጣ። ደስ ይለው ነበር። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረው፤ ጆንያዎቹን ተከትሎ እስከ አሰብ መውረድና ባሕር ማየት። የእሱ መኪና አዲስ አበባ አራግፎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና ነው የሚያወርደው። እሱም ከአሰብ የተመለሰ ሾፌር ባገኘ ቁጥር የባሕሩ ወዲያ ማዶ ይታይ እንደሆነ ይጠይቃል።

እናቴ ታሾፍበታለች። «ባሕር ውኃ ነው። ውኃ ካማረህ ለገዳራ ወንዝ አለልህ።»

«ለገዳራን እማ በድንጋይ እሻገረዋለሁ» ይላታል።

በኅዳር ወር ያለ ጊዜው ዝናብ ጣለ። ቡና ለማድረቅ የተዘረጋበት አልጋ ሁሉ በጥድፊያ የሚሸፈንበት፣ ሰው ሰማዩን የሚራገምበት ሳምንት ነበር። ታደሰ ያን ቀን ጠዋት ራሱን አሞት አልነሳም አለ። እናቴ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። «ተነስ፣ መኪናው ጥሎህ እንዳይሄድ» አለችው። ተነሳ። ቁርሱን እንደያዘ እየሮጠ ሄደ።

ከፍስሐ ገነት ጭነው ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው በጭቃው ተንሸራተተ። ሾፌሩ ተረፈ። ወንድሜን በሌላ መኪና አመጡት፣ ጆንያ አልብሰውት። ጆንያው ጥጉ በቀይ ክር የተሰፋ ነበር። ሰው ሲያለቅስ ዓይኑ ምን ላይ እንደሚያርፍ አያውቅም፤ የእኔ ዓይን ያ ቀይ ክር ላይ ቀረ።

ከተዝካሩ በኋላ እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። ከል ለበሰች፤ እሱ ያለ ነው። ወደ ሥራም ተመለሰች። ግን ከእኔ ራቀች። ከዚያ በፊት ብርድ ባለበት ማታ አቅፋኝ ነበር የምትተኛ፤ አሁን ግን መደብ ላይ ለብቻዋ ነው፣ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ። ልጠጋት ስል ትሸሻለች። ከእሷም ናፍጣ ናፍጣ የሚል ሽታ ይመጣብኝ ጀመር። ኩራዙን በላይዋ ላይ የምትደፋው ይመስለኝና ኩራዙን እኔ ልሙላ እላለሁ። ስትቀመጥም ስትነሳም ፊቷ ይጨማደዳል። ጎረቤታችንና የለቀማ ጓደኛዋ እትዬ ሩት፣ የጌዴኦ ሴት፣ ጴንጤ፣ የቡላ ገንፎ ይዛልን ትመጣ ነበር። አማርኛዋ የራሷ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ትጠራለች። «እናትሽ አንድ ነገር ደብቋል» ትለኝ ነበር። እኔ ግን የተደበቀ ነገር ያለ አልመሰለኝም። እናቴ ከሁለት ልጆቿ የምትወደው እሱን ኖሯል፣ የራቀችኝም የቀረሁት እኔ ስለሆንኩ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ይህን ሐሳብ ለማንም ሳልናገር ያን በጋ ሁሉ ተሸክሜው ዞርኩ።

ከዚያ የነነዌ ጾም ገባ። የመጨረሻው ቀን ነበር። ሆዳችን ባዶ፣ ከንፈራችን ደርቆ፣ ተሰልፈን ወደ በሩ ሄድን። የእናቴ ተራ ደረሰ። ፈታሿ እጇን በወገቧ ሰደደችና ቆመች። እንደገና ዳበሰች። ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ገለጥ አደረገችው፤ ከውስጥ ጆንያ ወጣ፣ ለአንገትና ለክንድ ተቀዶ እንደ እጀ ጠባብ የተሰፋ። ላዩ ላይ የመጋዘኑ ምልክት በጥቁር ቀለም ታትሞበታል።

ያን ሰሞን ባዶ ጆንያ ይጠፋል እየተባለ የለቃሚዎቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ሲያስፈራራን ከርሟል። «አገኘኋት» አለ። በሌብነት ስሙ የተነሳ ሰው ዲላ ውስጥ ሌላ መጋዘን አይቀበለውም ነበር፤ ፖሊስ ጣቢያውም ሩቅ አልነበረም። ካቦው የት አገኘሽው እያለ እናቴን አፋጠጣት፣ ፈታሿም አባበለቻት። በመጨረሻ «አባ ተክሌን ጥሩልኝ» አለች፤ የንስሐ አባቷ ናቸው። ሊጠራቸው የሄደ ማን እንደሆነ ብነግራችሁ አታምኑም፤ እትዬ ሩት። ገብታበት የማታውቀውን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በር ደበደበች። ኋላ ላይ «ታቦቱ አልበላኝም» ብላ አስቃናለች።

እናቴን ወደ ቢሮ ወሰዷት፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ገባሁ። ሙሴ ኒቆላ ዘንድ እንግዳ ነበር፤ ቡና ሊገዛ የመጣ ሽበታም እንግሊዝ። ጣዕሙን ለመለየት ቡና በማንኪያ ፉት ብሎ የሚተፋ ሰው ነው፤ ሲምገው ድምፁ እስከ መጋዘኑ ይሰማ ስለነበር ጠዋት ስንስቅበት ውለናል። ጸሐፊው ግርማ ያስተረጉምለታል። እንግሊዙ አንድ ጆንያ የለበሰች ሴት፣ ቀሚሷን የያዘች ልጅ፣ የተቆጣ ካቦ አየና ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ።

አባ ተክሌ ጥላቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። እናቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ምንድን ነው የለበስሽው ልጄ?»

«ማቅ ነው አባቴ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

አባ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። ሴትየዋ ሌባ አይደለችም፣ የለበሰችው ሠቅ ነው፣ በአማርኛ ማቅ የምንለውን ግዕዙ ሠቅ ይለዋል አሉ። ካቦው ግን ማቅም ይሁን ካባ ማኅተሙ የመጋዘኑ ነው ብሎ ሙግቱን ቀጠለ። ግርማ ሁሉንም ለእንግሊዙ ሲያስረዳ እንግሊዙ እጁን አነሳና አንድ ነገር ጠየቀ። ግርማ ግራ ገባው። «አባ፣ የተናገሩት ቃል እንግሊዝኛ ነው ወይ ይላል» አላቸው።

ያ ቃል ያን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ መዞር ጀመረ። እንግሊዙ እሱ አገር ጆንያ ሳክ እንደሚባል ተናገረ። ሙሴ ኒቆላ ከወንበሩ ተነስቶ «ሳኮስ ነው፣ የእኛ ነው» አለ፤ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሱ ሲቀድስ የሚለብሰው፣ በወርቅ ክር የተሠራውም ልብስ ሳኮስ እንደሚባል፣ ወርቁ ኋላ እንደመጣና ስሙ ግን የጆንያ እንደሆነ አወራ። እንግሊዙ ሳቀ። እውነት ነው፣ እናንተ ለሮማውያን ሰጣችሁ፣ እነሱ ለእኛ፣ ግን እናንተስ ከማን አገኛችሁት አለው። እህልና ጨርቅ በመርከብ ጭነው ወደ ግሪክ ይመጡ የነበሩ የጢሮስና የሲዶና ነጋዴዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ጆንያውን ሲያራግፉ ስሙንም አብረው አራገፉ አለ። የእነሱ ቋንቋ ደግሞ የዕብራይስጥ ወንድም ነው፤ እኚህ አባት የተናገሩትም ከዚያው ቤት ነው። ግርማ ይህን ሁሉ ሲያስተረጉም ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። አባ ተክሌ መቋሚያ እንደሚደገፉ ጥላቸውን ተደግፈው፣ ዘመድ ከሩቅ አገር እንደመጣበት ሰው እያንዳንዱን ቃል ይሰማሉ።

ነገሩ ያምር ነበር፤ አሁን ሳስበው ያምራል። ያኔ ግን እናቴን አየኋት። እነሱ በቃሉ ሲደሰቱ እሷ መሀላቸው ቆማለች። ቀሚሷ አሁንም ከጎኗ እንደተገለጠ ነው፤ ጥጉ ላይ ቀይ ክር አየሁ።

አፌን ማን እንደከፈተው አላውቅም። «ሙሴ» አልኩ፣ «አልተሰረቀም። ታደሰ ተሸፍኖበት የመጣው ነው።»

ሙሴ ኒቆላ ቀይ ክሩን አየ። ከዚያ ካቦውን በእጁ ወደ በሩ አሳየው፤ ካቦው ወጣ። ግርማም ለእንግሊዙ በጆሮው ነገረው፤ ሰውየው ማንኪያውን አስቀመጠ።

እናቴ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ለአባ ነው የተናገረችው፣ እኛ እንደሌለን ሁሉ። «አሞኛል ብሎኝ ነበር። የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ አባቴ። ብርድ ልብሱን የገፈፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ይህን ለብሶ ከመጣ እኔም ይህን ለብሼ ልሂድ ብዬ ነው።»

እኔ ከአባ ቁጣ ነበር የጠበቅኩት፤ ያለ ፈቃዳቸው ንስሐ ለራስ መስጠት ጥፋት ነውና። እሳቸው ግን ቀስ ብለው «ጥሩነሽ፣ እኔ ስንት ዘመን ሠቅ ሠቅ እያልኩ ስጸልይ የኀዘን ልብስ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሏት። «የነጋዴ ዕቃ ኖሯል። ያዘነ ሰው የለበሰው ሌላ ስላልነበረው፣ በእጁ ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ጭነት ነው። ጭነት ደግሞ የሚራገፍበት አለው።»

«ካራገፍኩት እሱን የት አገኘዋለሁ?»

አባ ጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከውጭ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ሳል ይሰማል።

እናቴ ወደ ግርማ ዞረች። «ቅድም ያወራችሁት፣ ይሄ ቃል፣ በባሕር ነው የሄደው?»

ግርማ ጠየቀ። እንግሊዙ አዎ አለ፣ ከአንድም ሁለት ባሕር ተሻግሯል።

«እንግዲያው ይሄም ይሻገር» አለች እናቴ። «ልጄ ባሕር ማየት ነበር የሚሻው።»

ሙሴ ኒቆላ ጆንያው ተቀዷል፣ አርጅቷል ሊል ጀመረ። አጥበዋለሁ፣ እሰፋዋለሁ አለችው። ትንሽ አሰበና ምርጥ ቡና ድርብ ጆንያ እንደሚለብስ ራሱ አስታወሰ፤ ቡናውን ሳይነካ ከላይ መሆን ይችላል። እንግሊዙም ከሚገዛው ውስጥ አንዱ እሱ ይሁን አለ።

እትዬ ሩትና ሌሎቹ ሴቶች ዕቃ ማጠቢያው ክፍል አስገብተው አወለቁላት። ጀርባዋና ጎኗ ተልጦ ነበር፤ ቀለሙ ወደ ገላዋ አልፎ ፊደሎቹ ትከሻዋ ላይ ይታያሉ። ያ የናፍጣ ሽታ ከኩራዙ አልነበረም፤ ጆንያ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የሚቀባው ዘይት ነው። እትዬ ሩት «እናትሽ ቆስሏል፣ እናትሽ ቆስሏል» እያለች ለጋ ቅቤ ቀባቻት። ነጠላ ደረቡላት። እናቴ ከሴቶቹ መሀል እጇን ዘረጋችና ሳበችኝ። «እሸሽሽ የነበረው እንዳይቆረቁርሽ ነው» አለችኝ። አለመወደዴን ያን በጋ ሙሉ ስቆጥር የከረምኩት ልጅ አንገቷ ሥር ገብቼ አለቀስኩ። ቅቤና ናፍጣ ሸተተችኝ። ዛሬም ድረስ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ሳልፍ አንዳንዴ እርምጃዬን ገታ አደርጋለሁ፤ ሰው ምክንያቱን አያውቅም።

ጆንያውን ለገዳራ ወርደን አጠብነው። ድንጋይ ላይ ደበደብነው፣ ሣር ላይ አሰጣነው፤ ሽታው ለቆ ፀሐይ ፀሐይ እስኪል ደጋገምነው። ለአንገትና ለክንድ የቀደደችውን ስትሰፋ ቀይ ክሩን አልፈታችውም። የሚሞላውንም ቡና ራሷ ለቀመችው፤ ከዱመርሶ የመጣ፣ ገና ጥሬውን ሲያሹት አበባ አበባ የሚሸት። ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም። እንኳን ስንጥቅ፣ ከጓደኞቹ ያነሰ ፍሬ እንኳ አላሳለፈችም።

መኪናው የሚነሳ ዕለት አስፋልቱ ዳር ቆምን። ከላይ አዲስ ረዳት ተቀምጧል። እናቴ ጠራችው። «ወንድሜ፣ ያን ቀይ ክር ያለውን ጆንያ አደራ። አዲስ አበባ ለሚቀበልህ ንገረው፤ እሱም ለሚቀጥለው ይንገር። መርከቡ ላይ ሲጭኑት ባሕሩ በሚታይበት በኩል ያድርጉት።»

ረዳቱ አልሳቀባትም። «እሺ እናቴ፣ እነግራለሁ» አለ።

የአብዮቱ ጊዜ መጣ፣ ሙሴ ኒቆላ አገሩ ገባ፤ እንግሊዙንም ዳግመኛ አላየነውም። እናቴ በዓመቱ ከሏን አወለቀች። ከዚያ ብዙ ኖረች፤ ልጆቼን አሳድጋልኛለች። የተጫነ መኪና በደጃችን ሲያልፍ ግን የትም ቦታ ብትሆን ብድግ ትላለች፤ ጳጳስ እንዳለፈ ሁሉ።

ይህን ሁሉ ነግሬያት ስጨርስ የሊዲያ ስልክ ጭኗ ላይ እንዳለ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። «ደረሰ ወይ እማማ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ማን ተመልሶ ይነግረናል?

ትናንት የቤት ሥራዋን ጽፋ ጨርሳ አነበበችልኝ። የእኛን ታሪክ አላስገባችም፤ አስተማሪው ማስረጃ ይጠይቃል አለች። ልክ ናት። እየሰማኋት ሳለ ከይርጋጨፌ በኩል የመጣ መኪና እስከ አፉ ተጭኖ እያቃሰተ አለፈ፤ እኔም ጉልበቴን ይዤ ብድግ አልኩ። ሊዲያ ንባቧን ሳታቋርጥ አብራኝ ተነሳች። ከጢሮስ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ሮማ፣ ከሮማ ወደ እንግሊዝ ትላለች። ቃሉን የተሸከሙት እነዚያ ሁሉ ሰዎች አይተዋወቁም፤ የሰሙትን ለሚቀጥለው ነግረው ሄዱ እንጂ። አንዲት ቃል በዚያ ሁሉ አፍ አልፋ ሳትወድቅ ከደረሰች፣ የእናቴ አደራም ከዲላ እስከ አሰብ ባሉት ጥቂት አፎች የሚጠፋ አይመስለኝም። ባሕሩ በሚታይበት በኩል ሳያደርጉት አይቀሩም።